ድቦቹን ተዉአቸው፦ ስለ «ጎልደን ኮምፓስ» ውድቀት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ «ጎልደን ኮምፓስ» ፊልም «ያልተሰሙ የጓዳ ምስጢሮች» የሚያወጣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይተናል። ፊልሙን ለማያስታውስ፦ በዲሴምበር 2007 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በእንግሊዛዊው ደራሲ በፊሊፕ ፑልማን ልቦለድ ላይ የተመሠረተ፣ ኒኮል ኪድማንና ዳንኤል ክሬግ የተወኑበት፣ ሦስት ተከታታይ ፊልም ይወጣዋል ተብሎ አንድ ላይ የቀረ ሥራ ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። 180 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት 70 ሚሊዮን ብቻ አስገባ። የገደለው የካቶሊኮች ውግዘት ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሕፃናት ከአጋንንት ጋር ሲኖሩ ያሳያል። ዳይሬክተሩ ክሪስ ዋይትስ ተባርሮ ተለምኖ ተመለሰ። ቀረጻው በሙሉ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ የተካሄደ ሲሆን ድቦቹም የሰለጠኑ እውነተኛ ድቦች ናቸው። ለዋናው ድብ ድምፅ ከመጀመሪያው የታጨው ኢያን መኬለን ነበር። መጨረሻው ገንዘብ ስላለቀ ሳይቀረጽ ቀረ። ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ኒው ላይን ሲኒማም በዚሁ አንድ ፊልም የተነሳ ተዘጋ።

ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ ሐሰት የሆኑት ለማረም ቀላል ናቸው። ያስቸገሩን ግማሽ እውነት የያዙት ናቸው፤ የገንዘቡ ነገር ከእነዚህ አንዱ ነው።

70 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ግን የአሜሪካና የካናዳ የትኬት ሽያጭ ብቻ ነው። ከሌላው ዓለም 302 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል፤ ድምሩ 372 ሚሊዮን ይሆናል። ከመቶው 81 እጅ የመጣው ከውጭ ነው ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ደግሞ «ታዲያ እጥፍ አግኝቷል እኮ፣ ምኑ ነው ውድቀቱ?» ማለቱ አይቀርም። እሱም ስሕተት ነው፣ ጸሐፊው ያለፉት ቁም ነገር ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ትኬት የተሸጠበት ገንዘብ ስቱዲዮው እጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። አንድ ሰው አሥር ዶላር ከፍሎ ሲገባ ግማሽ ያህሉ ሲኒማ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። ከአሜሪካው 70 ሚሊዮን ኒው ላይን ዘንድ የደረሰው 35 ሚሊዮን አካባቢ ነው ብሎ ማስላት ይቻላል፤ የማስታወቂያውም ወጪ ከዚያው ላይ ይነሳል።

ሁለተኛውና ዋናው ቅድመ ሽያጭ ነው። ኒው ላይን የፊልሙን ወጪ ለመሸፈን የውጭ አገሮችን የማሳየት መብት ፊልሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ አገር በአገር ለአከፋፋዮች ሸጦታል። አሠራሩን ለማሳየት ያህል ቁጥር እንፍጠር። አንድ የአውሮፓ አከፋፋይ ለአገሩ መብት 10 ሚሊዮን ዶላር አስቀድሞ ይከፍላል። ፊልሙ እዚያ አገር 40 ሚሊዮን ቢሸጥ ሲኒማ ቤቶቹ ግማሹን ይወስዳሉ፣ 20 ይቀራል። አከፋፋዩ ከዚህ ላይ መጀመሪያ የማስታወቂያውንና የኮፒውን ወጪ ያነሳል፤ በዚያን ጊዜ ኮፒ ማለት የ35 ሚሊሜትር ጥቅል ነውና የ113 ደቂቃ ፊልም ለአንድ ሲኒማ ቤት ስድስት ጥቅል ገደማ ይፈጃል። ቀጥሎ የከፈለውን 10 ሚሊዮን ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ ነው በውሉ መሠረት ከስቱዲዮው ጋር የሚካፈለው። ቡናውን ገና ዛፉ ላይ እያለ የሸጠ ገበሬ ዋጋ ሲወጣ ቆሞ እንደሚያየው፣ ኒው ላይንም ያ 302 ሚሊዮን በአብዛኛው ወደ ሌሎች ኪስ ሲገባ ቆሞ አይቷል።

ይህ ውል የሞኝ ውል ነበር ማለት ግን አይደለም። ያው ኩባንያ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የሠራው የውጭ መብት አስቀድሞ እየሸጠ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን በአሜሪካ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ የውጭው ድርሻ መሳሳቱን ማንም ልብ አላለውም። ቅድመ ሽያጭ የሚያዋጣው የራስህ ገበያ ሲሠራልህ ነው። «ጎልደን ኮምፓስ» በአሜሪካ የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻው 25.8 ሚሊዮን ላይ ቆመ፣ ነገሩም ያኔ አበቃ። ስለዚህ «180 አውጥቶ 70 አገኘ» ከማለት «የሚያተርፍበትን ገበያ አስቀድሞ ሸጦ፣ በቀረችው ገበያ ከሰረ» ማለት ይሻላል።

ወደ ውግዘቱ እንለፍ። መጀመሪያ የቃሉን ነገር እናጥራ። ጸሐፊው «አጋንንት» ያሉት በመጽሐፉ «ዲመን» የሚባለው ነው። ፑልማን ቃሉን ከግሪኩ ወስዶ አጻጻፉን ሆነ ብሎ ከተለመደው የተለየ ያደረገው ከጋኔን ጋር እንዳይምታታበት ነው። ነገሩም የሰው ነፍስ ከአካሉ ውጭ፣ በእንስሳ ተመስላ አጠገቡ ስትሄድ ማለት ነው። ልጅ ሳለ እንስሳው ቅርጹን ይለዋውጣል፣ ሲጎረምስ በአንዱ ይጸናል። ይህን «ጋኔን» ብሎ መተርጎም የታሪኩን ግማሽ ይገለብጠዋል። በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ግፍ ልጅን ከዲመኑ መለየት ነው፤ በጸሐፊው ትርጉም ከሄድን ግን ክፉዎቹ ጋኔን እያስወጡ ነው ማለት ይሆናል!

ውግዘቱ ራሱ እውነት ነበር። ካቶሊክ ሊግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፊልሙ ሳይወጣ ሰው እንዳያየው ቀስቅሷል። ክርክራቸው ግን ፊልሙ ክፉ ነው የሚል አልነበረም፤ ፊልሙ የለዘበ ስለሆነ ወላጅ ሳይጠረጥር ልጁን ወስዶ ኋላ መጽሐፎቹን ይገዛለታል የሚል ነበር። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፊልም ክፍል ደግሞ መጀመሪያ ለፊልሙ ደህና ግምገማ ጽፎ ኋላ አንስቶታል። በሌላ በኩል የብሪታንያው ብሔራዊ ሴኩላር ማኅበር መጽሐፉ ስለ ሃይማኖት ተቋም የሚለው ለዘበ ብሎ ወቅሷል። ስቱዲዮው አውጋዦቹን ለማባበል የመጽሐፉን ጥርስ ነቀለ፤ አውጋዦቹ አልተባበሉም፣ የመጽሐፉ ወዳጆች ግን ተቀየሙ። ውግዘቱ በአሜሪካ የተወሰነ ተመልካች አላስቀረም አንልም። ነገር ግን ፊልሙ እንዲወድቅ ያደረገው እሱ ብቻ ነው ማለት ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ሰዎች ገብተው ካዩት በኋላ ለጎረቤታቸው ያልነገሩበትን ምክንያት አይነግረንም። ያ ምክንያት በኋላ የምንመጣበት የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ነው።

ዳይሬክተሩ አልተባረረም። ዋይትስ ማንም ሳይጠይቀው 40 ገጽ የታሪክ ዕቅድ ጽፎ ለኒው ላይን ያቀረበና ሥራውን ያገኘ ሰው ነው፤ ከእሱ በፊት ጸሐፌ ተውኔቱ ቶም ስቶፓርድ የጻፈው ስክሪፕት ነበር፣ አልተሠራበትም። በትልቅ በጀት መሥራት ምን እንደሚመስል ለማየት የፒተር ጃክሰንን የ«ኪንግ ኮንግ» ቀረጻ ጎብኝቷል። በዲሴምበር 15፣ 2004 የቴክኒኩ ሸክም ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። በኦገስት 2005 አናንድ ታከር ተተካ፤ በሜይ 2006 እሱም በሐሳብ አለመጣጣም ሄደ፤ ዋይትስ ተመለሰ። ቀረጻው በሴፕቴምበር 4፣ 2006 ተጀመረ። ልብ ብሎ ላየው፣ ከተመለሰበት እስከ ቀረጻው አራት ወር እንኳ አይሞላም። ጸሐፊው ስለ ጠብና ልመና ከሚያወሩ ይህን ቢያነሱ ይሻል ነበር።

የዋና ተዋናይቷ ነገር በትክክል ተጽፏል። ዳኮታ ብሉ ሪቻርድስ 10,000 ሴት ልጆች ከተሰለፉበት ፈተና የወጣች፣ ከዚያ በፊት ፊልም ያልሠራች የ12 ዓመት ልጅ ነበረች።

ስለ ድቦቹ የተጻፈው ግን በሬ ወለደ ነው። ቀረጻው በዋናነት ለንደን አጠገብ በሚገኘው በሼፐርተን ስቱዲዮ ነበር፤ ኦክስፎርድ ኮሌጆች፣ ግሪንዊች ያለው የቀድሞ የባሕር ኃይል ኮሌጅና የቻተም መርከብ ማደሻ ተጨምረዋል፣ ለበረዶውም ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ተሄዷል። ሰሜን ዋልታ ማንም አልረገጠም። ዋናው ተናጋሪ ድብ ዮሬክ ቢርኒሰንና ጓደኞቹ ከእግር ጥፍራቸው እስከ ጆሯቸው በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው። ድቦቹን የሠራው የለንደኑ ፍሬምስቶር፣ ዋና ዋናዎቹን ዲመኖች የሠራው የካሊፎርኒያው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ ነው።

እንዲህ ያለ ድብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፣ «እውነተኛ መሰለኝ» የሚለው ስሕተት ከዚያ ነውና። ልጅቷ ስትቀረጽ ከፊቷ ድብ የለም። ዓይኗ የሚያርፍበት ምልክት ግን መኖር አለበት፤ ቁመቱም ከድቡ ዓይን ጋር በትክክል መግጠም አለበት። የዋልታ ድብ በኋላ እግሩ ሲቆም እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል። ምልክቱ ግማሽ ሜትር ዝቅ ካለ ልጅቷ ደረቱን ታያለች፤ በቅርብ ቀረጻ ላይ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «አይተያዩም» ብሎ ይሰማዋል። ይህ ኋላ በኮምፒዩተር አይቃናም።

ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ሌላ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንዱ ሰው የሌለበት ባዶ ምስል ነው። ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ተዋናዩ የቆመበት ላይ ሁለት ኳስ ይዞ የሚቀረጸው ነው፤ እንደ መስታወት የሚያበራ ኳስና ደብዛዛ ግራጫ ኳስ። የሚያበራው ብርሃን ከየት ከየት እንደሚመጣ ያሳያል፤ ግራጫው ጥንካሬውንና ጥላው እንዴት እንደሚያርፍ። በጥድፊያ ይህ ከተዘለለ ብርሃን የሚያበጀው ባለሙያ በግምት ይሠራል፣ ድቡም ከፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ቀጥሎ የካሜራው ሌንስ፣ ከፍታና እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር እንደገና ይገነባል። እዚህ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት እግር ላይ ትታያለች፤ ድቡ በረዶውን በመርገጥ ፈንታ ይንሸራተትበታል።

ፀጉሩ ለብቻው ጣጣ ነው። የዋልታ ድብ ፀጉር ነጭ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዘለላ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ክፍት ነው። ቆዳውም ጥቁር ነው። ነጭ የሚመስለው ብርሃኑ በዘለላዎቹ መካከል ሲበተን ነው። ኮምፒዩተሩ ነጭ ቀለም ቀብቶ ሊያልፍ አይችልም፤ ብርሃኑን ከዘለላ ወደ ዘለላ መከተል አለበት፣ ይህ ደግሞ በሰከንድ 24 ጊዜ የሚደገም ሥራ ነው። ከዚያ ድቡን በረዶ ላይ ያቁሙት፤ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ይጠፋል። የሚለየው በጥላና በትንሽ ቢጫነት ብቻ ነው። ዮሬክ ደግሞ የብረት ጥሩር ይለብሳል። ብረት ፀጉርን ይጫናል፤ ድቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፀጉሩ ብረቱን ቀዶ እንዳይወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጅቷ አንገቱን ስትይዝ ደግሞ እጇ የምትጫነው እውነተኛ ነገር በቀረጻው ጊዜ መኖር አለበት፤ ኋላም ከጣቶቿ ፊት ለፊት የሚወድቀው ፀጉር አንድ በአንድ ይጨመራል። ጣቶቹ ከላይ ብቻ ከቀሩ ምንጣፍ የምትዳስስ ይመስላል።

ይህ ሥራ በፌብሩዋሪ 24፣ 2008 የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ወስዷል፤ «ትራንስፎርመርስ»ንና ሦስተኛውን «የካሪቢያን ወንበዴዎች» አሸንፎ። የብሪታንያውን የፊልም ሽልማት ባፍታንም አግኝቷል።

ስለ ድብ ካነሳን የድምፁም ጉዳይ አለ። መጀመሪያ የዮሬክ ድምፅ እንዲሆን የተመረጠው ኖንሶ አኖዚ ነበር። በኢያን መኬለን እንዲተካ የወሰነው ስቱዲዮው ነው። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ደግሞ ለአንዲት አጭር ትዕይንት የገባው በስቱዲዮው ፍላጎት ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፤ የ«የቀለበቶቹ ጌታ» ጠንቋዮች ጋንዳልፍና ሳሩማን ሆነው የተወኑት ናቸው። ኒው ላይን የፑልማንን መጽሐፍ ሲያይ የሚታየው የራሱ የድሮ ፊልም ነበር። የዮሬክ ተቀናቃኝ የሆነው ድብ ስም ግን የተቀየረው በቀላል ምክንያት ነው። በመጽሐፉ ዮፉር ራክኒሰን የሚባለው በፊልሙ ራግናር ስቱርሉሰን የሆነው ዮሬክና ዮፉር ለጆሮ ስለሚምታቱ ነው። ከቀየሯቸው ነገሮች ሁሉ የማያከራክረው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል። «ገንዘብ ስላለቀ አልተቀረጸም» የሚለው ሐሰት ነው። ተቀርጿል፤ ከዚያ ተቆርጧል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎች ይዘት ተሠርቶ፣ ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው በኦክቶበር 2007 ለሁለተኛው ፊልም መክፈቻ ይሆናል ተብሎ መነሳቱ ታወቀ። ከፊልሙ ጋር የወጣው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ከዚያ የተረፉ ምስሎች አሉ። ሁለተኛው ፊልም አልተሠራም፣ ስለዚህ መክፈቻ የሚሆንለት ነገር አልነበረም።

ምን እንደጠፋ ለማየት መጽሐፉን ያነበበ ሰው መሆን አያስፈልግም። ሊራ የተባለችው ልጅ መጽሐፉን ሙሉ የምትለፋው የተሰረቀ ጓደኛዋን ሮጀርን ለማዳንና አባቷ ዘንድ ለመድረስ ነው። ሁለቱም ይሳካላታል። አባቷ ግን ወደ ሌላ ዓለም በር ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ልጅ ነበር፤ ይዛለት የመጣችው ሮጀርን ነው። ይህን ቆርጠህ ስታወጣ የቀረው በአየር መርከብ ላይ ተቀምጠው «አሁን ሁሉም ይስተካከላል» የሚባባሉ ልጆች ናቸው። «ዳንኤል ክሬግ ለምን ትንሽ ብቻ ታየ?» የሚለው የብዙ ሰው ጥያቄም መልሱ እዚሁ ነው፤ እሱ የሚጫወተው የአባትየው ዋና ሥራ የተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነበር።

ሌላም አብሮት የሄደ ጥፋት አለ። በመጽሐፉ ልጅቷ መጀመሪያ ልጆች የሚታጎሩበትን ቦልቫንጋርን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ድቦቹ አገር ትደርሳለች። አባቷ የታሰረው እዚያ የድቦች አገር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የድቦቹ ፍልሚያ በር ነው፣ ከጀርባው አባትየው አለ። ፊልሙ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ድቦቹ ቀደሙ፣ ቦልቫንጋር ኋላ መጣ። በትልቅ ጦርነት ለመጨረስ አመቺ ነው። ነገር ግን ያ ኦስካር ያስገኘ ፍልሚያ ወደ የትም የማያደርስ ሆነ፤ ዮሬክ የራግናርን መንጋጋ በአንድ ምት ያወልቃል፣ ቀጥሎ ልጅቷ ወደ ሌላ ጉዳይ ትሄዳለች። ሰው ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ለጎረቤቱ የሚያወራው ያጣው በዚህ ነው። እኛን ከጠየቃችሁን ፊልሙ የተጎዳው ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ውግዘቱ የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ኒው ላይን፦ በፌብሩዋሪ 28፣ 2008፣ ማለትም ኦስካሩ በተሰጠ በአራተኛው ቀን፣ ታይም ዋርነር ኩባንያውን በዋርነር ብራዘርስ ሥር እንደሚያጠቃልለው አስታወቀ። በ1967 የመሠረተው ቦብ ሼይና አጋሩ ማይክል ሊን ለቀቁ። «ተዘጋ» ማለት ግን አይደለም፤ ስሙ እስከ ዛሬ ፊልም ላይ ይወጣል። ኋላ ከ2019 ጀምሮ እነዚህኑ መጻሕፍት ለቴሌቪዥን በተከታታይ ሲሠሩ ኒው ላይንም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። «በዚህ አንድ ፊልም ምክንያት» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ባለቤቱ ኩባንያ ወጪ ለመቀነስ አስቀድሞ ያስብበት ነበር። ፊልሙ ያደረገው ነገር ቢኖር የሚከላከሉበትን ክርክር ማሳጣት ነው።

የቀረችው የርዕሱ ነገር ናት። ጸሐፊው ርዕሱን «ወርቃማው አቅጣጫ ጠቋሚ» ብለው ተርጉመው፣ ልጅቷ የያዘችው መሣሪያ መንገድ ያሳያታል ብለዋል። መሣሪያው አቅጣጫ አያሳይም፤ ዙሪያው 36 ሥዕል ያለው እውነት መለኪያ ነው፤ ጠያቂው ሦስቱን ዘንግ በሦስት ሥዕል ላይ አቁሞ ይጠይቃል፣ አራተኛው ዘንግ እየዞረ ይመልሳል። ርዕሱም መጀመሪያ ስለ እሱ አልነበረም። መጽሐፉ በ1995 በብሪታንያ ሲወጣ ስሙ «የሰሜን ብርሃናት» ነው። ፑልማን በረቂቅ ጊዜ ለሦስቱም መጻሕፍት ያሰበው ስም ከጆን ሚልተን ግጥም የተወሰደ ነበር፤ ፈጣሪ ዓለምን ሊፈጥር ወርቃማ ኮምፓስ አንስቶ ዳርቻዋን የሚከብበት ስንኝ አለ። ያ ኮምፓስ ክብ መሥሪያው ነው፣ ተማሪ ከማስመሪያና ከፕሮትራክተር ጋር በአንድ ሣጥን የሚገዛው። የአሜሪካው አሳታሚ ግን መርከበኛ የሚይዘው መሰለውና ስሙን ለልጅቷ መሣሪያ ሰጠው፣ በ1996 በዚያው ታተመ። በአማርኛ ሁለቱንም «ኮምፓስ» ስለምንል እንዳለ ቢተዉት ኖሮ ባልተሳሳቱ ነበር።